እባጩ ስም አይወጣለትም፦ ከባሕር ዛፍ ቅጠል ውስጥ አዲስ የተርብ ዝርያ ለይቶ ስለመግለጽ

አንድ የቀይ ባሕር ዛፍ ችግኝ ውሰዱና ለጋ ቅጠሉን ገልብጣችሁ ዋናውን ጅማት በጣት ዳብሱት። ጤነኛ ከሆነ ወጥ ነው፤ ካልሆነ ግን ከምስር ፍሬ ያነሱ እብጠቶች ተራ በተራ ተሰልፈው ጣት ይቆረቁራሉ። ቅጠሉ ይጣመማል፣ አገዳው ያብጣል፣ ችግኙ ማደጉን ትቶ ይቀነጭራል። አንዱን እብጠት በአዲስ ምላጭ ሰንጥቁት። ትንሽ ክፍል ታገኛላችሁ፤ በክፍሉ ውስጥ እግር የሌለው ነጭ እጭ ተኝቷል። የዛሬው ንግግር ስለዚህ እጭ ነው። ማን ነው? ስሙን በምን እናውቃለን? ስም ከሌለውስ በምን አኳኋን ይወጣለታል?

«እባጭ» የምለው ነፍሳት በተክል ላይ የሚያስበቅሉትን እብጠት ነው። እናቲቱ እንቁላሏን በለጋው የተክል አካል ውስጥ ትወጋለች፤ ተክሉም ለእጩ ቤትም ቀለብም የሚሆን ሥጋ ያበቅላል። «ተርብ» ስልም ጣሪያ ሥር ቤት ሠርቶ የሚናደፈውን አታስቡ። የእኛዎቹ አብዛኞቹ ከአንድ እስከ ሦስት ሚሊሜትር ናቸው፤ ሰው አይናደፉም፤ ዐይን ላይ ሲያልፉ ትንኝ ይመስላሉ። የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ በዚህ ሥራ የአቆጣጠር ነገር ራሱ ችግር ይፈጥራል፤ ቆይቼ እመለስበታለሁ።

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» እንላለን። በእንስሳት ስያሜ ግን የሚሠራው ደንብ ነው። ዓለም አቀፉ የእንስሳት ስያሜ ደንብ፣ ከ1930 በኋላ የወጣ ስም ዛሬ በሕይወት ባለ እንስሳ ሥራ ላይ ብቻ ከተመሠረተ አይቀበለውም። ጎጆ ሥራ ነው፤ እባጭም ሥራ ነው። ስለዚህ ማንም ሰው ያማረ እባጭ አይቶ፣ ፎቶ አንሥቶ፣ «አዲስ ዝርያ» ብሎ ሊሰይም አይችልም። ስም የሚወጣው ለተርቧ ነው፤ ያቺም ተርብ በስፒል ላይ ወይም በመስታወት ስላይድ ላይ ሆና፣ ቁጥር ተሰጥቷት፣ በታወቀ የናሙና ስብስብ ውስጥ መቀመጥ አለባት። ይህ ደንብ ለምን እንዳስፈለገ እባጩን አሳድጎ ያየ ሰው ወዲያው ይገባዋል፤ ከአንድ ዓይነት እባጭ አራት ዓይነት ተርብ ሊወጣ ይችላልና።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን እዚሁ ደጃችን ያለው የባሕር ዛፍ ተርብ፣ ሌፕቶሳይቤ ኢንቫሳ ነው። ባሕር ዛፍ አገሩ አውስትራሊያ ነው፤ ወደ እኛ የገባው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በአጼ ምኒልክ ዘመን ነው። ተባዩ ሳይከተለው ከመቶ ዓመት በላይ ኖረ። በ2000 ገደማ በእስራኤልና በአካባቢው አገሮች የባሕር ዛፍ ችግኞች በእባጭ ተወረሩ፤ ከውስጡ የምትወጣው ተርብ ግን በየትኛውም የሙዚየም መሳቢያ ውስጥ ስም አልነበራትም። በ2004 የእስራኤልና የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ገለጿት። ለዝርያዋ ብቻ ሳይሆን ለጂነሷም፣ ማለትም ተቀራራቢ ዝርያዎች በአንድነት ለሚመደቡበት ወገን፣ አዲስ ስም አስፈለገ። ልብ በሉ፣ የአውስትራሊያ ተወላጅ የሆነች ተርብ መጀመሪያ የተገለጸችው ባሕር ተሻግራ ጥፋት ካደረሰች በኋላ ነው። በአገሯ ጠላቶቿ ስለሚያሳንሷት ትኩረት የሚስብ ጉዳት አልነበራትም። ከዚያ ወዲህ በሜዲትራኒያን ዙሪያ፣ በእስያ፣ በምሥራቅ አፍሪካም ተመዝግባለች፤ ኢትዮጵያም ከእነዚህ ናት።

አንዲት ጥቃቅን ነገር እዚህ ላይ ላንሣ። ጽሑፉን የጻፉት አራት ሰዎች ናቸው፤ ከስሙ በኋላ ግን የሚጠቀሱት ሁለት ብቻ ናቸው፦ ፊሸር እና ላ ሳል፣ 2004። ሌሎቹ ስለ ኑሮዋና ስለ ጉዳቷ ሠርተዋል፤ ስያሜውንና ገለጻውን የሠሩት ግን ሁለቱ ናቸው። በደንቡ መሠረት የስሙ ባለቤት ስሙንና ገለጻውን ያቀረበው ሰው እንጂ በሽፋኑ ላይ የተደረደረው ሁሉ አይደለም። የጥናት ቡድኖች ይህን አስቀድመው ካልተነጋገሩበት ኋላ ቅሬታ ይነሣል።

አሁን ወደ እባጩ ቤት እንግባ። አንድ እባጭ እንደ ኪራይ ቤት ነው። ቤቱን የሠራችው አንዲት ተርብ ናት፤ እሷን «ባለቤት» እንበላት። ቤት መሥራት የማትችል ሌላ ተርብ መጥታ በተሠራው ቤት እንቁላል ልትጥል ትችላለች፤ እጯ የሚበላው የተክሉን ሥጋ ነው፤ ይህቺ «ደባል» ናት። ሦስተኛዋ የባለቤቷን እጭ የምትበላ ናት፤ ባለሙያዎች ፓራሲቶይድ ይሏታል። አራተኛዋ ፓራሲቶይዷን ራሷን ትበላለች። ዕቃ ውስጥ ሃያ እባጭ አድርጋችሁ ስትጠብቁ ከላይ መጀመሪያ የምታዩአት ተርብ ከአራቱ የትኛዋ እንደሆነች መልኳ አይነግራችሁም።

ጂነሷም አይነግራችሁም። ኳድራስቲከስ የሚባል ጂነስ አለ። ኳድራስቲከስ ኤሪትሪኔ በ2004 ከሲንጋፖር፣ ከሞሪሸስና ከሬዩንዮን በተሰበሰቡ ናሙናዎች ተገለጸች፤ በኤሪትሪና ዛፎች ላይ እባጭ የምትሠራ ባለቤት ናት፤ የእኛ ኮርች የሚመደበው በዚሁ በኤሪትሪና ጂነስ ነው። በቀጣዩ ዓመት ሐዋይ ገብታ የአገሬውን ዛፍ አወደመች። በዚያው ጂነስ ውስጥ ያለችው ኳድራስቲከስ ሜንዴሊ ግን፣ በ2008 የተገለጸችው፣ የሌፕቶሳይቤን እጭ የምትበላ ፓራሲቶይድ ናት። አንዷ ተባይ፣ አንዷ የተባይ ጠላት፣ ሁለቱም ባለ አንድ ጂነስ። ሌፕቶሳይቤ ራሷ የምትመደብበት ንዑስ ቤተሰብም የእነዚሁ ነው። እንግዲህ መልክ አይቶ «ይህቺ ጠቃሚ ናት» ብሎ ወደ ደን መልቀቅ ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ አስቡት።

የአሰባሰቡ ነገር ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ስለሆነ ረጋ ብዬ ልሂድበት። የመጀመሪያው ስሕተት እባጩን ያለ ጊዜው መቁረጥ ነው። ቅጠሉ ከዛፉ ሲለይ እባጩ ማደጉን ያቆማል፤ ውስጡ ያለው እጭ ገና ለስላሳና ነጭ ከሆነ ቀለቡ ደርቆበት ይሞታል። የሌፕቶሳይቤ እባጭ ቀለሙ ጊዜውን ይናገራል፤ መጀመሪያ አረንጓዴ ነው፣ ከዚያ የሚያብረቀርቅ ሮዝ ይሆናል፣ ኋላ ማብረቅረቁ ጠፍቶ ወደ ደብዛዛ ቀይ ይገባል። የምንፈልገው ይህን የመጨረሻውን ነው። ለማረጋገጥ ከየቅርንጫፉ ሦስት አራት እባጭ ሰንጥቁ፤ ዐይኑ የጠቆረ ፑፓ፣ ማለትም ወደ ተርብ በመለወጥ ላይ ያለ እጭ፣ ካያችሁ ቅርንጫፉን ቁረጡ። ክብ ቀዳዳ ያለው እባጭ ቢበዛ ነዋሪዎቹ ወጥተዋል፤ ዘግይታችኋል።

ቅርንጫፉን ታች በውኃ በተሞላ ብልቃጥ ውስጥ አቁሙት፤ የብልቃጡን አፍ በጥጥ ድፈኑት፣ አለዚያ የሚወጡት ተርቦች ውኃው ውስጥ ይሰጥማሉ። ዙሪያውን የሚከድነው ዕቃ አየር ማስገቢያ ያስፈልገዋል። አጎበር አትጠቀሙ፤ ተርቧ ርዝመቷ ከ1.1 እስከ 1.4 ሚሊሜትር ናት፣ ውፍረቷ ከዚያም በጣም ያንሳል፣ በአጎበር ቀዳዳ ሳትነካው ታልፋለች። ሽመናው ጥብቅ የሆነ ስስ ጨርቅ ይሻላል። ከሥር የሚስብ ወረቀት አንጥፉ፤ ግድግዳው ላይ የውኃ ጠብታ ካያችሁ እርጥበቱ በዝቷል፣ በሁለት ቀን ውስጥ ሻጋታ ይመጣል፣ ጠብታ ላይ ያረፈች ተርብ ደግሞ ክንፏ ተለጥፎ ለገለጻ አትሆንም።

ይህ የጅምላው መንገድ ነው። ለስያሜ ግን የጅምላ ዕቃ ማስረጃ አይሆንም። ቢያንስ ሠላሳ እባጭ ለየብቻቸው ቆርጣችሁ፣ እያንዳንዱን በየራሱ የጀላቲን ካፕሱል ውስጥ አድርጉ፤ ባዶ የመድኃኒት ካፕሱል ትልቁ ዓይነት በቂ ነው። በካፕሱሉ ላይ ቁጥር ጻፉ፣ በየጠዋቱ እዩ። ከአንድ ካፕሱል አንዲት ተርብ ስትወጣ፣ ባዶውን እባጭ አትጣሉት፤ እሱ ነው ምስክሩ። ከፍታችሁ በማይክሮስኮፕ ሥር ብታዩት ባለቤቷ የወጣችበት ክፍል ውስጥ የራሷ ቆዳ ብቻ ይቀራል፤ ፓራሲቶይድ የወጣችበት ክፍል ውስጥ ግን የተበላው እጭ ቅሪት፣ ብዙ ጊዜም የመንጋጋው ቅንጣት ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ ይገኛል። ቅሪቱን ለማየት ጠብታ ውኃና ትዕግሥት ይበቃል።

መለያ ወረቀት ላይ አገር፣ ክልል፣ የቦታ ስም፣ ኬክሮስና ኬንትሮስ፣ ከፍታ፣ የተክሉ ሙሉ ሳይንሳዊ ስም፣ እባጩ ያለበት አካል፣ የተሰበሰበበት ቀን፣ የወጣችበት ቀን፣ የሰብሳቢው ስም ይጻፋል። «ባሕር ዛፍ» ብቻ ብሎ መጻፍ ዋጋ የለውም፤ በአገራችን ያሉት ዝርያዎች ብዙ ናቸው፣ ነጩና ቀዩ እንኳ ለዚህች ተርብ እኩል አይመቹም። ቀኑን በተመለከተ የገባሁላችሁን ቃል ልፈጽም። በአንድ መለያ ላይ 12/3/2016 ተጽፎ ብታገኙ፣ አውሮፓዊ ማርች 12 ቀን 2016 ብሎ ያነበዋል፤ አሜሪካዊ ዲሴምበር 3 ቀን 2016 ይለዋል፤ የእኛ ሰው የጻፈው ከሆነ ደግሞ ኅዳር 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው፣ ይኸውም በእነሱ ኖቬምበር 22 ቀን 2023 ማለት ነው። አንድ ወረቀት፣ ሦስት ቀን፣ ከሰባት ዓመት ተኩል የሚበልጥ ልዩነት። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ወሩን በሮማ ቁጥር፣ ዓመቱን በአራት አኃዝ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር መጻፍ፤ የእኛን አቆጣጠር ጨምሮ ማስቀመጥ የሚፈልግ «ዓ.ም.» ብሎ በግልጽ ይለየው። አልኮል ውስጥ ለሚገባ መለያ እርሳስ ከሁሉ ይበልጣል፤ በሌዘር የታተመ ፊደል አልኮል ውስጥ ሲቆይ እየተላጠ ብልቃጡ ሥር ይከማቻል።

ባለቤቷ ማን እንደሆነች የሚቆርጠው ሙከራ ነው። ከእባጭ ነጻ የሆኑ ሰባት ችግኞች በጥብቅ ጨርቅ ተሸፍነው ይቀመጣሉ፤ ለጋ ቡቃያቸው ከወጣ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ያልበለጠው መሆን አለበት፣ ምክንያቱም የጠነከረ ቅጠል እንቁላል አይቀበልም። በአምስቱ ላይ ከካፕሱል የወጣች አንዲት አንዲት ሴት ለሁለት ቀን ይለቀቃል፤ ሁለቱ ያለ ተርብ ይቀራሉ። የጠራ ማር በቀጭኑ ቀቡላቸው፤ ማር ያገኘች ሴት ሳምንት ገደማ ትኖራለች፣ ያላገኘች ቶሎ ትሞታለች። እንቁላል የተጣለበት ቦታ ላይ በሁለት ሳምንት ውስጥ ጠባሳ የመሰለ ነጥብ ይታያል፣ ዙሪያውም ቀለሙን ይቀይራል። ከዚያ በኋላ ትዕግሥት ነው። በእስራኤል በክፍል ሙቀት በተደረገው ምልከታ ከእንቁላል እስከ መውጣት በአማካይ 130 ቀን ገደማ ፈጅቷል። ያለ ተርብ የቀሩት ሁለቱ ችግኞች ካበጡ ሙከራው ፈርሷል፤ ከውጭ የገባ አለ ማለት ነው። የሌፕቶሳይቤ ሴት ያለ ወንድ ስለምትወልድ አንዲት ብቻዋን ትበቃለች፤ በሌሎች ዝርያዎች ግን ከወንድ ጋር ያልተገናኘች ሴት ብዙ ጊዜ ወንድ ብቻ ነው የምትወልደው።

ናሙናውን ማድረቅ ቀላል ቢመስልም ብዙ ገለጻ የሚበላሸው እዚህ ነው። ተርቧን በ95 በመቶ ኢታኖል ግደሉ፤ ለዘረ መል ምርመራም ይሆናል። ከአልኮል አውጥታችሁ ዝም ብላችሁ ብታደርቋት ግን ፊቷ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፣ ሆዷ ይጨማደዳል። ያን ጊዜ «ሆዷ ከደረቷ በ1.3 እጥፍ ይረዝማል» የሚለው መለኪያችሁ የተርቧን ሳይሆን የአደራረቁን ሁኔታ ይለካል። ስለዚህ ውኃ ከሌለበት ኢታኖል ኤችኤምዲኤስ ወደሚባል ማድረቂያ ፈሳሽ ታዛውራላችሁ፤ ሁለት ጊዜ በየግማሽ ሰዓቱ ትቀይሩና በጭስ ማውጫ ሥር ተኖ እስኪያልቅ ትተዋላችሁ። ፈሳሹ በቀላሉ ይቀጣጠላል፣ ጢሱም መርዛማ ነው፤ በዝግ ክፍል አይሠራበትም። ከዚያ ሦስት ማዕዘን ሆኖ የተቆረጠ ጠንካራ ነጭ ወረቀት ጫፍ ላይ፣ በውኃ የሚለቅ ሙጫ በስፒል ጫፍ ያህል ነክታችሁ፣ በደረቷ ቀኝ ጎን ትለጥፏታላችሁ። ግራ ጎኗ፣ ፊቷ፣ ጀርባዋ ነጻ ሆኖ ይቀራል። በቅጽበት የሚይዘውን ሙጫ የተጠቀመ ሰው ናሙናውን ለዘለዓለም ዘግቶታል።

ጥቂቶቹ ደግሞ በስላይድ መሠራት አለባቸው፤ አንቴናና ክንፍ በትክክል የሚታየው እዚያ ነው። በ10 በመቶ ፖታሺየም ሃይድሮክሳይድ በለስላሳ ሙቀት ሥጋው ይሟሟል፤ ለዚህች ለምታህል ተርብ ሃያ ደቂቃ ገደማ በቂ ነው፣ በየአምስት ደቂቃው ማየት ነው። ብዙ ከቆየች ቀለሟ ጠፍቶ እንደ ብርጭቆ ትሆናለች፣ ፀጉሮቿም ይረግፋሉ። ከዚያ ውኃ፣ ከዚያ ደረጃ በደረጃ የሚጠነክር ኢታኖል፣ ከዚያ የቅርንፉድ ዘይት፣ በመጨረሻ የካናዳ ባልሳም። ባልሳሙ ወተት መስሎ ከደፈረሰ ውኃ ቀርቶበታል፤ ወደ ኢታኖል መመለስ እንጂ ሌላ መፍትሔ የለውም። ስላይዱ ለሳምንታት በ40 ዲግሪ ገደማ ይደርቃል።

አሁን ወደ ልዩነቱ። በባሕር ዛፍ ላይ እባጭ የምትሠራ ሌላ የታወቀች ተርብ አለች፣ ኦፌሊመስ ማስኬሊ። በሜዳ ላይ እባጮቹ ይለያሉ፤ የሌፕቶሳይቤ በዋናው ጅማት፣ በቅጠል ዘንግና በለጋ አገዳ ላይ የሚያብጥ ሲሆን፣ የኦፌሊመስ በቅጠሉ ገጽ ላይ እንደ ሽፍታ የሚበተን አንድ ሚሊሜትር ገደማ የሆነ ክብ ነው። ተርቦቹ ብቻቸውን ብልቃጥ ውስጥ ቢመጡላችሁስ? ሁለቱም ጥቁር ቡኒ ሆነው አረንጓዴ ሰማያዊ የብረት ጸዳል አላቸው፤ ሁለቱም እንደ ቤተሰባቸው ጣታቸው አራት አንጓ ነው። የፊት ክንፍን ጠርዝ ተከትሎ ከሥሩ የሚነሣውን ጅማት በላይኛው በኩል እዩ። በሌፕቶሳይቤ በጅማቱ ላይ ሦስት ወይም አራት ፀጉር ቆሟል፤ በኦፌሊመስ ማስኬሊ አንድ ብቻ ነው። በተጨማሪ የሌፕቶሳይቤ የፊት እግር መነሻ ቢጫ ነው፣ የመካከለኛውና የኋለኛው ግን የገላዋን ቀለም ይዟል። ፀጉር የመቁጠር ሥራ ተራ ነገር እንዳይመስላችሁ። በ2019 ከሜዲትራኒያን አካባቢ የተገለጸችው ኦፌሊመስ ሜዲቴራኔየስ ከማስኬሊ ከተለየችባቸው ምልክቶች አንዱ በዚሁ ጅማት ላይ ከአንድ በላይ ፀጉር መያዟ ነው።

ፀጉር ግን ይረግፋል። የወደቀ ፀጉር ግን ጉድጓዱን ትቶ ይሄዳል፤ በ400 እጥፍ ማጉላት ክብ ነጥብ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ የሚቆጠረው ጉድጓዱ ነው። ሁለቱንም ክንፍ ቁጠሩ፣ ግራና ቀኙ አንዳንዴ አይስማሙምና። ከአንድ ዛፍ ሳይሆን ከተለያዩ ቦታዎች ቢያንስ አሥር ሴት ለኩ፤ ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን ጻፉ እንጂ አማካዩን ብቻ አትስጡ። ከወርድና ቁመት ይልቅ ጥምርታ ይሻላል፤ ቀለብ ያነሳት ተርብ ትንሽ ትሆናለች፣ የአንቴናዋ አንጓ ቁመት ለወርዱ ያለው ጥምርታ ግን ብዙም አይናወጥም።

ስለ ዘረ መል ብዙ ሰው ከሚገባው በላይ ተስፋ ያደርጋል። የተለመደው የመለያ ቁራጭ ከሚቶኮንድሪያ፣ በእናት በኩል ከሚወረሰው የሴል ክፍል፣ የሚወሰድ 658 ፊደል ያህል ነው፤ ጠቃሚ ነው፣ በተለይ ወንድና ሴት ሲለያዩ ወይም እጭን ካደገችው ተርብ ጋር ለማገናኘት። ነገር ግን ከእባጭ የተወሰደ እጭ ውስጥ ሌላ እጭ ካለ የሚነበበው የእንግዳው ይሆናል። በነፍሳት ሴል ውስጥ የሚኖሩ እንደ ዎልባኪያና ሪኬትሲያ ያሉ ባክቴሪያዎችም አሉ፤ በእናት በኩል ስለሚተላለፉ የሚቶኮንድሪያውን ታሪክ ያዛቡታል። የሌፕቶሳይቤን ያለ ወንድ መውለድ የሚያስከትለው ሪኬትሲያ እንደሆነ በ2015 ተዘግቧል። በዚያው ጥናት በዘረ መል የሚለያዩ ሁለት የሌፕቶሳይቤ መስመሮች ተገኝተዋል፦ አንዱ ምዕራባዊ፣ ሌላው ቻይናዊ የሚባል። ሁለት ዝርያ ናቸው? በሁለት በመቶ ልዩነት ብቻ ተነሥቶ ስም የሚያወጣ ሰው አለ፤ በእኔ አስተያየት ይህ ችኮላ ነው፤ ከኒውክለሱ የተወሰደ ሌላ ቁራጭ፣ በመልክም አንድ ቋሚ ምልክት ሳይገኝ ስም መውጣት የለበትም።

ስም ከማውጣት በፊት የቆዩትን ስሞች መፈተሽ ግዴታ ነው፤ የሥራው ግማሽ ይህ ነው ብል አላጋነንኩም። ለአውስትራሊያ ተርቦች ይህ ማለት ከአሌክሳንደር ጂሮ ጋር መጋፈጥ ነው። ጂሮ ከ1884 እስከ 1941 የኖረ፣ ከሦስት ሺህ የሚበልጡ የአውስትራሊያ ጥቃቅን ተርቦችን የገለጸ ሰው ነው። ብዙዎቹ ገለጻዎች ሁለት ሦስት መስመር ናቸው፤ አንዳንዱንም በራሱ ገንዘብ ያሳተመው ነው። ናሙናዎቹ በአብዛኛው ብሪዝበን በሚገኘው የኩዊንስላንድ ሙዚየም አሉ፤ ከእነሱም ውስጥ በስላይድ ላይ የተጨፈለቁ ብዙ ናቸው። ጽሑፉን አንብቦ «የእኛዋ አይደለችም» ማለት አይቻልም፤ ስላይዱን ማየት ወይም ፎቶውን ማስላክ ያስፈልጋል። ይህን የዘለለ ሰው መቶ ዓመት የቆየ ስም ላላት ተርብ ሁለተኛ ስም ያወጣል፤ የኋለኛው ስም ይወድቃል።

ሁለት ስም የሚመጣበት ሌላም መንገድ አለ። በአውሮፓ የኦክ ዛፍ ላይ የሚኖሩ ብዙ እባጭ ሠሪዎች በዓመት ሁለት ትውልድ ያፈራርቃሉ፦ አንዱ ሴት ብቻ፣ ሌላው ወንድና ሴት። ሁለቱ ትውልዶች የተለያየ እባጭ ይሠራሉ፤ ተርቦቹም በመልክ ይለያያሉ። በቅጠል ሥር እንደ ትንሽ ቁልፍ ጠፍጣፋ እባጭ የምትሠራው በመኸር፣ እንደ ወይን ዘለላ ፍሬ የሚንጠለጠል እባጭ የምትሠራው በጸደይ ስትገኝ፣ ለየብቻ ስም ወጥቶላቸው ነበር። በ1881 ኸርማን አድለር የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም አንዷን በችግኝ ላይ አስቀምጦ ከልጆቿ ሁለተኛዋን አወጣ። ዛሬ ሁለቱ ኒውሮተረስ ኬርከስባካረም በሚል አንድ ስም ይጠራሉ፤ የስያሜ ሥርዓቱ መሥራች የሆነው ስዊድናዊው ሊኔየስ ያወጣው የቆየው ስም ስለሚቀድም። የበለስ ወገን ደግሞ የባሰ ነው። በአገራችን ባምባ ፍሬ ውስጥ አበቦቹን ወደ እባጭ የሚለውጡ ተርቦች አሉ፤ ሴራቶሶለን አራቢከስ የአበባ ዱቄት ተሸክማ ታዳርሳለች፣ ሴራቶሶለን ጋሊሊ ግን በዚያው በር ገብታ፣ በዚያው አበባ ውስጥ ወልዳ፣ የማዳረሱን ሥራ አትሠራም። በእነዚህ ተርቦች ወንዱ ክንፍ አልባ ነው፤ ከሴቷ ጋር አንድ ፍሬ ውስጥ ካልተገኘ የአንድ ዝርያ ነው ብሎ የሚገምት የለም።

ሁሉም ተጣርቶ በእርግጥ አዲስ ከሆነች ወደ ጽሕፈቱ እንመጣለን። ደንቡ የሚጠይቀው ብዙ አይደለም፣ ግን አንዱ ከጎደለ ስሙ እንዳልወጣ ይቆጠራል። ስሙ በላቲን ፊደል መጻፍ አለበት፤ እኔ እዚህ በፊደላችን የምጽፈው ለአንባቢ እንጂ ለስያሜ አይደለም። አዲስ መሆኑ በግልጽ መባል አለበት። ከሌሎች የሚለያት ምልክት በቃላት መነገር አለበት፤ ፎቶ ብቻውን፣ የዘረ መል ቁጥር ብቻውን አይበቃም። ከ1999 በኋላ ለወጣ ስም አንዲት ናሙና ሆሎታይፕ፣ ማለትም የስሙ ዋና ምስክር፣ ተብላ መሰየምና የምትቀመጥበት ስብስብ ስምና ቦታ መጠቀስ አለበት። ጽሑፉ በኤሌክትሮኒክ ብቻ የሚወጣ ከሆነ፣ በ2012 በጸደቀው ማሻሻያ መሠረት አስቀድሞ በዞባንክ፣ በእንስሳት ስሞች የኢንተርኔት መዝገብ፣ ተመዝግቦ ምዝገባው በጽሑፉ ውስጥ መታየት አለበት። ቅጽል ከሆነ የዝርያው ስም ከጂነሱ ጾታ ጋር ይስማማል፤ «ኢንቫሳ» የሚለው መጨረሻ የሴት ነው፣ ሌፕቶሳይቤ ሴት ስለሆነች።

ሆሎታይፕ የምትመረጠው ሁለቱም አንቴናዋ ሙሉ የሆነ፣ ከታወቀ እባጭ ለብቻዋ የወጣች፣ በስፒል ላይ ያለች ሴት ብትሆን ይመረጣል፤ ከጅምላ ዕቃ የተገኘች አትሁን። ባዶው እባጭ ተመሳሳይ ቁጥር ይዞ በአጠገቧ ይቀመጣል። ሌሎቹ ፓራታይፕ ይሆናሉ፣ ለሦስት አራት ተቋማት ይከፋፈላሉ፤ አንዱ ስብስብ ቢቃጠል ወይም በብል ቢበላ የሚተርፍ እንዲኖር። ከኢትዮጵያ የሚገለጽ ከሆነ ከፓራታይፖቹ የተወሰኑት አገር ውስጥ መቅረት አለባቸው፤ ከሃያ ዓመት በኋላ ለማነጻጸር ለንደን ወይም ፕሪቶሪያ መጻፍ የተማሪ አቅም አይደለም።

በገለጻው መጨረሻ ላይ ስለ ወንዱ የሚጻፍበት ቦታ አለ። በ2004ቱ የሌፕቶሳይቤ ገለጻ ወንዱ አልተገኘም ነበር፤ ሴቶች ብቻ ነበሩ። በ2005 ወንዱ ከቱርክ ተገለጸ፣ ቆይቶም ከሌሎች አገሮች ወንዶች ተገኙ። ስለዚህ ከካፕሱላችሁ አንድ ወንድ ቢወጣ ወረቀት ላይ ለመለጠፍ አትቸኩሉ። ከወጣበት እባጭ ጋር፣ አብረውት ከዚያው ቅርንጫፍ ከወጡ ሴቶች ጋር፣ በ95 በመቶ ኢታኖል፣ በእርሳስ በተጻፈ መለያ፣ በቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጡት። አንድ እግሩ ለዘረ መል ትበቃለች፤ አንቴናው ግን ሁለቱም እንዳይሰበሩ በብሩሽ እንጂ በወረንጦ አትንኩት።